የነቃሽ ልጅ ግንባር

እናቴ ነቃሽ ነበረች። ይህችን አጭር ነገር አፌን ሞልቼ ለመናገር አርባ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ገበያ ዳር፣ ከዋርካው ሥር ቁርበቷን አንጥፋ ትቀመጥ ነበር። በክር የታሰሩ ሦስት መርፌዎች ነበሯት፣ በቀንድ ውስጥ ከኩራዝ ጭስ የሰበሰበችው ጥላሸት፣ ጥላሸቱን የምታሽበት ቅጠል፣ ደም የምትጠርግበት ጨርቅ። እንቅርት ያወጣች ልጅ እንቅርቷ እንዲሟሽሽ አንገቷን ትነቀሳለች። ሙሽራ እንድታምር ትነቀሳለች። ድዷ የሚደማባት ትወቀራለች። ትንሽ ልጅ ደግሞ ክርስቲያን መሆኗ ከሩቅ እንዲታወቅ ግንባሯ ላይ መስቀል ይደረግላታል። በዚያ አገር በእናቴ መርፌ ያላለፈች የእሷ ዘመን ሴት ብትፈለግ በስንት ልፋት ነው የምትገኘው።

እኔን የነቀሰችኝ በሰባት ዓመቴ ነው። አክስቶቼ እጅና እግሬን ያዙ፣ እሷ ራሴን በጉልበቷ መሃል አደረገች። ለሌላ ሰው መስቀል አንድ ሰዓት አይሞላባትም። የእኔ ግን ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀ፤ ወጋ ታደርግና ራቅ ብላ ታያለች፣ እንደገና ወጋ ታደርጋለች። እሪ ስል «ዝም በይ፣ ጌጥሽ ነው» ትለኛለች። እኔም ጌጤ መስሎኝ አደግሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዳንግላ ስገባ ነው ነገሩ ሌላ የሆነው። የከተማ ልጆች ከበው ያዩኛል፣ ይሳሳቃሉ። አንዷ «ማኅተም የተመታባት» አለችኝና በዚያው ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ ዳንግላ አስፋልት ላይ ስሄድ ከኋላዬ «ማኅተሟ!» የሚለኝ ሰው ያለ ይመስለኝና እርምጃዬ ይፈጥናል።

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ቁልቋል ቆረጥኩ። ወተቱ ኪንታሮት ያጠፋል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ኪንታሮት ካጠፋ ጥላሸት ምን ያቅተዋል አልኩ። በስንጥር እየነከርኩ የመስቀሉን መስመር ተከትዬ ቀባሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ግንባሬ ነደደ፣ ፊቴ አበጠ፣ ዓይኔ ሦስት ቀን ተደፈነ። ዓይኔን ያተረፈልኝ ፈጣሪ ነው። ቁስሉ ሲሽር ጥቁሩ መስቀል ጠፍቶ በቦታው የነጣ ጠባሳ ቀረ። ለእናቴ «ዘይት ፈነጠቀብኝ» አልኳት። አየችው፣ «ወይኔ ልጄን» አለች፣ ቅቤ ቀባችልኝ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ስለ ግንባሬ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አወርዳለሁ። መሥሪያ ቤቴ መዝገብ ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች አጥባቂ ሆኜ ይመስላቸዋል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ እናቴ ልቧ ደክሟል ተብላ እኔ ጋ ናት። የምኖርበትን ከተማ እንጅባራ የሚለው የመንግሥት ወረቀትና የሚኒባስ ረዳት ነው፤ ለእሷ ዛሬም ቆሰበር ነው። ሐኪሙ ጨው ተይ፣ ዳገት አትውጪ፣ አትጨነቂ አላት። ጨዉን ተወች። ከሰባ ዓመት በላይ ኖራ፣ ባሏን ቀብራ፣ ለዚህ ዓለም የቀራት ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ በፍልሰታ መቁረብ። «ሳልቆርብ እንዳልሞት» ትላለች ስትነሳ፣ «ሳልቆርብ እንዳልሞት» ትላለች ስትተኛ። ከልቧ ድካም ጋር ስናየው ለከርሞ ይደርሳል የምንለው ነገር አልነበረም።

ሰላማችን የደፈረሰው በሰኔ ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት ሰባኪ ማይክራፎን ይዞ ክንዳቸው ላይ ዘንዶና የአንበሳ ራስ የሚነቀሱትን የከተማ ልጆች ይገሥጻል። ቀስ በቀስ ድምፁ ጋለ። ገላን መንቀስ በኦሪት የተከለከለ ነው፣ የአሕዛብ ምልክት ነው፣ የተነቀሰ ብቻ ሳይሆን የነቀሰም በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል አለ። የተቆጣው በወጣቶቹ ነበር። ከፊቱ የተቀመጡት ግን አሮጊቶች ናቸው። የፊተኛው ረድፍ ሴቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ። ከኋላ ቆሜ ሳቄ መጣ። እናቴን ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። እሷ ነጠላዋን አልሳበችም። እጆቿን ነበር የደበቀችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃታት። ትነሳለች፣ በር ድረስ ትሄዳለች፣ ዝናቡን ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች። እሷ ስትቁነጠነጥ እኔም ተቁነጠነጥኩ። ከቢሮ ሻይ እንኳ ሳልጠጣ እሮጣለሁ፣ ቤት ስደርስ ደግሞ ቢሮ በሆንኩ እላለሁ። «እምዬ፣ ምን ሆንሽ?» ስላት «ምንም» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ምንም አልወድም።

በመጨረሻ የንስሐ አባቷ ዘንድ ወሰድኳት። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ የረጉ፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ። «አባ፣ ይፍቱኝ» አለች። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። ሰባኪው ያለውን፣ ስንት ዘመን መርፌ እንደያዘች፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባም ጢማቸውን እየነኩ ሰሟትና፣

«የእኔም እናት ግንባሯ ላይ መስቀል ነበራት። ከነመስቀሏ ነው የቀበርናት። እሱ እምነት ነው፣ አይክፋሽ። የአንገቱ ጌጥ ከንቱ ነው፣ ለእሱ ሰባት ቀን ጹሚ። ስግደቱ ለልብሽ ስለማይሆን ይቅርብሽ። የበደልሽው ሰው ካለ ደግሞ ታረቂና ለፍልሰታ ቁረቢ» አሏት።

የበደልሽው ሰው ካለ ታረቂ ለሁሉም የሚባል ነገር ነው። ከጎረቤት ጋር በአጥር ተጣልተሽ እንደሆነ ማለታቸው ነው። እናቴ ግን እንደዚያ አልሰማችውም። ከግቢው ሳንወጣ ክንዴን ያዘች።

«ሁሉንም መጠየቅ አለብኝ።»

«ማንን ሁሉ?»

«የነቀስኳቸውን።»

«በስመ አብ! እምዬ፣ ጤነኛ ነሽ? አገሩን በሙሉ እኮ ነው!»

«በሕይወት ያሉትን ብቻ» አለችኝ፣ ነገሩን ያቀለለችልኝ መስሏት።

እምቢ ብል ብቻዋን እንደምትሄድ አውቃለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ፣ እናቴን ቢመክሯት እንደዚያው። አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩት። «እናትሽ አሁንም አልተሻላቸውም?» አለኝ። «ብሶባቸዋል» አልኩት። አልዋሸሁም።

መጀመሪያ እዚያው ቆሰበር ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የምትኖር አንዲት መበለት ጋ ሄድን። እናቴ ከበሩ ሳታልፍ ጎንበስ አለችና «በመርፌዬ ገላሽን በድያለሁና ይቅር በይኝ» አለቻት። ሴትየዋ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ እስክታነባ ድረስ ሳቀች። «ኧረ ምን አድርገሽኝ! ባሌ ያገባኝ ለዚህ አንገቴ ብሎ አይደል?» ብላ ጎትታ አስገባችንና ቆሎ አቀረበች። ሁለተኛዋም «ምን በድለሽኝ» አለች። ሦስተኛዋ የልጅ ልጆቿን ጠርታ «ይቺ ናት ያሳመረችኝ» ብላ አስተዋወቀችን። በወጣን ቁጥር የእናቴ ፊት ይከፋል። ሌላው ሰው ይቅርታ ሲነፈግ ያዝናል፤ እሷ በደሏ ሲነፈጋት ነበር የምታዝነው።

አንድ ቀን ስንመለስ የያዝነው ባጃጅ ሾፌር ክንዱ ላይ ትልቅ መስቀል ተነቅሷል። እናቴ ከኋላ አየችውና አላስቻላትም። ገና ሲቆም ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«ማን ነው የነቀሰህ?»

«ባሕር ዳር ነው እማማ፣ በማሽን። ምነው፣ ኃጢአት ነው እንዴ?»

«እሱን ቄስ ጠይቅ። ግን ጠማማ ነው። የቀኝ ክንፉ ወርዷል።»

«እምዬ!» አልኳት፣ «ንስሐ ላይ ነሽ እኮ!»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልጁ ግን ክንዱን እያገላበጠ ቀረ። ኋላም መንገድ ላይ ባገኘን ቁጥር ያንን ክንዱን እያየ ነው ሰላም የሚለን።

መንገድ ክፍት በሆነበት አንድ ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ወረድን። የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ዳር ዳሩን የከሰል ጆንያ ላስቲክ ለብሶ ተደርድሯል፣ ጭቃው ጫማ ይጎትታል። እናቴ ቀጥ ብላ ወደ ዋርካው ሄደችና ድሮ የምትቀመጥበት ቦታ ቆመች። ጥፋታችን ይሄ ነበር። ሰው የሚፈልጋት እዚያ ስለሆነ በቀላሉ እናገኛቸዋለን ብለን ነው እንጂ እዚያ ቦታ ቆማ ስትታይ አገሩ ምን እንደሚል አላሰብንም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ነቃሿ መጣች!» የሚል ወሬ ገበያውን ዞረው። ሴቶች በአማርኛም በአዊኛም እየተጠራሩ መጡ። እሷም ፊታቸውን ረስታለች፣ አንገታቸውን ግን አልረሳችም። ነጠላቸውን ገለጥ እያደረገች «አንቺ የድልድዩ ማዶዋ ነሽ፣ በሦስት ረድፍ ነው የነቀስኩሽ። አንቺ ደግሞ መሃል ላይ አስነጥሰሽ መስመሩን ያሳትሽኝ» ትላለች። ይስቃሉ፣ ይስሟታል። ይቅር በሉኝ ስትል ማን ይስማት።

ከዚያ አንዲት እናት ሰው ገፍታ መጣች። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ በእጇ ይዛለች፤ የልጅቷ አንገት በእንቅርት አብጧል።

«እሰይ መጣሽልን! ጤና ጣቢያ ወስጄያት ጨው ቀይሩ ብለው ብቻ ሸኙኝ። እንደኔ አድርገሽ ንቀሽልኝ!»

ሌላዋም ልጅ ይዛ መጣች። ሦስተኛዋ መርፌ ልግዛ ወይ አለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ንስሐ ልትገባ የመጣች ሴት ሥራ ጀመረች ተብሎ ወረፋ ተያዘላት። እጇን ይዤ ላወጣት ስል ገፋችኝና ልጅቷ ፊት ቆመች።

«ስሙኝ!» አለች። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «የእኔ መርፌ አንድም ቀን እንቅርት አጥፍቶ አያውቅም። አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ። ልጅሽን ጤና ጣቢያ መልሻት። ያሉሽን ጨው ግዢላት!»

 አንዲት አሮጊት አንገቷን አቅንታ «የእኔ ጠፍቶልኝ የለ እንዴ?» አለች።

«ያንቺ መጀመሪያም እንቅርት አልነበረም። ስብ ነው።»

ሳቁ ዋርካውን አነቃነቀው። አሮጊቷም ሳቀች። ለእናቴ እኮ የዕድሜዋ ትልቁ ኑዛዜ ነበር፤ እነሱ ጨዋታ አደረጉት። «ቀልደኛነቷ አልቀረም» እየተባባሉ አቅፈው መረቋት። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ትንፋሿ አጠረ። መስኮቱን ከፈትኩት፣ ዝናቡ ገባ፣ ዘጋሁት፣ ታፈነች፣ እንደገና ከፈትኩት። ረዳቱ «እትዬ፣ ወስኚ እንጂ!» አለኝ። ልደበድበው ምንም አልቀረኝም። የፈራሁት ለእሷ ነው፤ እዚያች ወንበር ላይ፣ ሳትቆርብ፣ እጄ ላይ እንዳትቀር።

እንዲህ ሆና አርፋ ትቀመጣለች ስል «ዳንግላ አንዲት ቀርታለች» አለችኝ። ይቺ ሴት ካገባች በኋላ ፕሮቴስታንት ሆናለች አሉ። እናቴ ተስፋዋን በእሷ ላይ ጥላለች። «እነሱ እንዲህ ያለውን ነገር አይወዱም። እሷ እውነቱን ትነግረኛለች» ትላለች። ስድብ ፍለጋ ዳንግላ የሄደ ሰው ከእናቴ ሌላ አላውቅም።

ሴትየዋ አስፋልቱ ዳር ጨርቅ ትሸጣለች። አምሳን አልፋለች። አንገቷ ላይ አራት ረድፍ ንቅሳት አለ፣ ሳትሸፍነው። እናቴን እንዳወቀች ተነስታ በርጩማ አቀረበችላት። እናቴ የተለመደውን አለች። ሴትየዋ እንደሌሎቹ አልሳቀችም። ከፊቷ የተዘረጋውን ጨርቅ አጠፈችና፣

«እማማ፣ ልንገርዎ» አለች። «ጌታን የተቀበልኩ ሰሞን ይሄ ነገር አስጨንቆኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌያችን ኦሪት ከልክሏልና ሸፍኚው አለኝ። አንዱ ደግሞ እኛ በጸጋ ነን እንጂ በኦሪት አይደለንም፣ ጌታ የሚያየው ልብ ነው አለኝ። ሁለቱ በእኔ አንገት ሲከራከሩ እኔ ዓመት ሙሉ በዚህ ሙቀት በስካርፍ ታነቅሁ። አንድ ቀን ግን ሳላውቅ ተወለድኩ፣ ሳላውቅ ተነቀስኩ፣ አውቄ ያመንኩት ያድነኛል ብዬ አወለቅሁት።»

«ታዲያ በድዬሻለኋ!» አለች እናቴ፣ ከበርጩማው ልትነሳ ምንም አልቀራት። «ዓመት ሙሉ አስጨንቄሻለሁ!»

«እርስዎ? እርስዎማ ሲነቅሱኝ ሁለቴ ወጋ ባደረጉ ቁጥር እያረፉ አንገቴን እፍ ይሉልኝ ነበር። ምን በደሉኝ ብዬ ነው ይቅር የምልዎ?» አለችና ለመንገድ ሙዝ ሰጠችን።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እፍ ስትላት ያየሁ መሰለኝ። ለእኔም እፍ ትለኝ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ያ ትዝታ ደግሞ ይብስ አናደደኝ፤ መዓዛ ያለው ትንፋሿ ግንባሬ ላይ፣ መርፌዋ ከዚያው ጀርባ። ሻሼን ወደ ታች ሳብኩትና «ሚኒባሱ ያመልጠናል» አልኩ። ብዙ ሚኒባስ ነበር።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። እናቴ በቀን አንዴ ጥሬ ቆንጥራ ስትጾም እኔ በጎን የልቧን ምት እቆጥራለሁ። አባ መልእክት ላኩባት፣ ከዚያ ራሳቸው በዣንጥላ መጡ። «ሰባት ቀንሽን ጾመሻል፣ በር ለበር ዞረሻል፣ ሁሉም ይቅር ብለውሻል። ተፈተሻል። ቁረቢ» አሏት።

«ይቅር አላሉኝም አባ። አልበደልሽንም ነው ያሉኝ» አለች። «ያልታሰረ እንዴት ይፈታል? ወይ እኔ ኃጢአት የለብኝም፣ ወይ ሰው አፍሮልኝ እየዋሸኝ ነው። እንዲህ ሆኜ አልቀርብም። ሥጋው እሳት ነው።»

አባ ብዙ አስረዷት። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እስኪ አንቺ ምከሪያት» አሉኝ። ወይ አለመታደል፣ ምክር ከእኔ!

ነሐሴ አሥራ አራት ከቀትር በኋላ ነጠላዋን ላጥብላት አነሳሁት። ከነገ በስቲያ ቅዳሴው ነው፣ ነገ የሚደርቅ በፀሐይ ሳይሆን በብርቱ ጸሎት ነው። አልጋዋ ላይ ሆና «ተዪው፣ አልሄድም» አለችኝ።

ያኔ ፈነዳሁ።

«አልሄድም? ልብሽ እንዲህ ሆኖ ለከርሞ ቀጠሮ ይዘሻል? ለስንት ዓመት ያሰብሽውን! የስንቱን በር አንኳኳሽ! ቆሰበር፣ አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ! በዝናብ፣ በጭቃ! እዚህ ቤት ውስጥ ያለውስ? እኔንስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። ነጠላው በእጄ ላይ ቀረ። እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«አንቺን ፈርቼ ነዋ» አለች።

«ምኔን ነው የፈራሽው?»

«እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ።»

«እኔ ምን እውነት አለኝ? ግንባሬን ዘይት ነው...» ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላም ውሸቱ ቀድሞኝ ወጣ።

«ልጄ» አለች በቀስታ፣ «ዘይት መስቀል ሠርቶ አይፈነጥቅም።»

ታውቅ ኖሯል። ቅቤውን የቀባችኝ ቀን ታውቅ ነበር። ነጠላውን ሳፋ ላይ ወረወርኩት። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እግሬ የሚሄድበት አጣ፤ ቤቱ ደግሞ ሦስት እርምጃ ነው።

«በድዬሻለሁ?» አለችኝ።

«ኧረ ምን አድርገሽኝ!» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የለመድነው ነው፤ እንኳን ለእናት ለመንገደኛም ይባላል። ግን ያንን ብላት ነጠላው ሳይታጠብ እንደሚቀር አየሁ። ጨዋነቴ ሳትቆርብ ሊገድላት ነው።

«አዎ» አልኳት። «በድለሽኛል። አልጠየቅሽኝም። አስይዘሽ ነው የወጋሽኝ። ጌጥሽ ነው ብለሽ ዋሸሽኝ። ማኅተም የተመታባት ስባል አልነበርሽም። ይሄው አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሰው ሲያየኝ መጀመሪያ እጄ ወደ ሻሼ ነው የሚሄደው። ፎቶ ስነሳ፣ ሥራ ስቀጠር፣ ስዳር እንኳ! ያንቺን እምነት በእኔ ግንባር ላይ ጻፍሽ!»

ትጮህብኛለች ወይ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ተመስገን!» አለች። «ተመስገን አምላኬ! አንድ ተገኘች!»

«እኔ እየነደድኩ አንቺ ትደሰቻለሽ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? የበደልኩት ሰው አጥቼ ልሞት ነበር እኮ!»

ከአልጋው ወርዳ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ብብቷን ይዤ አስቀመጥኳት። «ይቅር በይኝ» አለች። አሁን ደግሞ ቃሉ እምቢ አለኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ሌሎቹ ሴቶች «ምን አድርገሽኝ» እያሉ የሸሹት ለካ ከዚህ ነው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። እሷ ጠበቀችኝ። በዚያ ሁለት ወር ዝም ብላ የተቀመጠችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኩ በመጨረሻ። «እግዚአብሔርም ይፍታሽ።» ግማሹ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ ቆይቶ መጥቷል።

ዓይኗን ጠረገች፣ ሻሽ የለበሰውን ግንባሬን አየች።

«ከነቀስኩት ሁሉ ቀጥ ያለው እሱ ነበር» አለች። «ከጠዋት እስከ ቀትር ነው የሠራሁት። ጠማማ ሆኖብሽ ሲስቁብሽ እንዳይውሉ ብዬ። ያን ቀን ቅቤ ስቀባሽ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አንቺ ዓይንሽ ተደፍኖ አላየሽም።»

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። እኔ እኮ የፋቅኩት የራሴን ግንባር ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

«ይቅር በይኝ እምዬ» አልኳት።

«ኧረ ምን አድርገሽኝ!» አለች ወዲያው።

«እምቢ! እንደነሱ አትበይኝ! አገር ለአገር ያንከራተትሽኝ ለዚህ ነው? በድለሽኛል በይኝ!»

እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«በድለሽኛል» አለች። «ዓመት በዓመት አልቅሼበታለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ።»

ነጠላውን አብረን ጨመቅነው። እስከ ማግስቱ ማታ ድረስ አልደረቀም፤ በካውያ ነው ያደረቅሁት።

ነሐሴ አሥራ ስድስት እናቴ ቆረበች። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ከቅዳሴ ሲወጣ ደግፌያት አስፋልቱ ዳር ደረስን። የቆመልን ባጃጅ ያው የክንዱ መስቀል ጠማማ ነው የተባለው ልጅ ነው፤ «እንኳን አደረስዎ እማማ» አላት። የቆረበ ሰው አያወራምና አፏን በነጠላዋ እንደሸፈነች ጎንበስ ብላ ብቻ መለሰችለት። ባጃጁ ሲነሳ ነፋሱ ሻሼን ወደ ኋላ ገፋው። እጄ እንደ ልማዱ ሊመልሰው ሲነሳ የእሷ እጅ ቀደመው። አውራ ጣቷን ግንባሬ ላይ አሳረፈችና ጠባሳውን ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላ ተከተለችው። እኔም ራሴን አላሸሸሁም። ጨርሳ እጇን አነሳች፣ ራቅ ብላ አየችኝና አንድ ጊዜ ራሷን ነቀነቀች፤ አሁንም ቀጥ ያለ ነው ማለቷ ነው።